ትእዛዙ ያጸዳው አገር

ትእዛዙን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የምሠራበት መዝገብ ቤት መስኮት ከፎቶ ቤቱ በር ትይዩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲከፍትና ሲዘጋ አይቼዋለሁ፣ በየቀኑ ሰላም ተባብለናል፣ ሁለት ጊዜም አብረን ሻይ ጠጥተናል። ሁለቱንም ጊዜ ያወራው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በመስኮት ያየሁትን፣ ሰው የነገረኝን፣ ትንሽ ደግሞ እሱ ራሱ ያለኝን ነው። ተሳስቼ ከሆነ ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ስለሆነች የሚያርመኝ አይጠፋም።

ትእዛዙ ፎቶ አንሺ ነው። ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው። ክረምት ከበጋ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል። ኪሶቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሥራ የፈታሁ ቀን ቆጥሬያቸዋለሁ። ሲጠቀምባቸው ያየሁት ግን ሁለቱን ብቻ ነው፤ በአንዱ ስልኩን፣ በሌላው ቆሎ ይይዛል።

ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው የባለቤቱ የየሻሽወርቅ ነው። የመታወቂያውን፣ የፓስፖርቱን፣ የሠርጉንም ፎቶ የምታነሳው እሷ ናት፤ ቤቱን የሚያኖረውም ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ የዱባይ ረጅም ሕንፃ የታተመበት ሸራ ተሰቅሏል። ሸራው ተጣጥፎ በሻንጣ ስለመጣ ሕንፃው ወገቡ ላይ ተሰብሯል፤ ቢተኮስም አልተቃናም። ከፃግብጂ እስከ አምደወርቅ በስንት ቤት ግድግዳ ላይ ይህ ወገበ ሰባራ ሕንፃ እንደተሰቀለ ቤቱ ይቁጠረው። ከአገር ሊወጣ የተነሳ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቆማል። ገና ሳይሄድ ደርሶ ይነሳል፣ ፎቶውን ለእናቱ ትቶ ይወጣል። የሻሽወርቅ ደግሞ ደንበኛ እንዲደሰትላት ፊት ታቀላለች። ኮምፒውተሯ ላይ ለዚሁ የምትጫን አንዲት ነገር አለች፤ እሷን ከተጫነች የቆላውም የደጋውም ሰው እኩል የተጋገረ ዳቦ መስሎ ይወጣል።

የኋለኛው ክፍል የትእዛዙ ነው። እሱ ሰው አያነሳም። ሥራው ምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ «እኔ መልክዓ ምድር ነኝ» ይላል። ከፎቶ ቤቱ ጎን ብረታ ብረት የሚሸጥ ምሳው የሚባል ጎረቤት ይህን በሰማ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያየውና «ምድሩስ ደርቋል፣ መልኩ የት አለ?» ይለዋል። ትእዛዙ አይናደድም። ታላቅ ሰው በጎረቤቱ መናቅ እንዳለበት የሚያምን ይመስለኛል።

የትእዛዙ ጥበብ ማንሳቱ ላይ ሳይሆን ከማንሳቱ በኋላ ነው። እሱ «ማጽዳት» ይለዋል። ያነሳውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ይከፍትና ቆሻሻ የሚለውን አንድ በአንድ ያጠፋል። ቆሻሻ የሚለው የመብራት ምሰሶን፣ የቆርቆሮ ጣሪያን፣ ቢጫ ጀሪካንን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስን፣ የሳተላይት ዲሽን፣ የእርዳታ ድርጅት ስም የተጻፈበትን ሸራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውን ነው። ሰው ፎቶ ያበላሻል ይላል። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ አሠራሩን አስረዳኝ። ሌሎቹ በደፈናው እንደሚያጠፉ፣ እሱ ግን ፎቶውን አራት መቶ በመቶ አሳድጎ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ግማሽ ቀን እንደሚቀመጥ ነገረኝ። «እኔ ሳላያት የጠፋች ነጥብ የለችም» አለኝ። ይህን ሲል ቆሎውን ማላመጥ አቆመ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

የዚህ ልፋት ውጤት በየዓመቱ የሚወጣው ካሌንደር ነው። ካሌንደሩ ውስጥ ያለችው ዋግ የተረጋጋች አገር ናት። ተራራ አለ፣ ደመና አለ፣ ገደል አለ፤ አምስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን እንኳ የራሷ ገደል ደርሷታል። አንድም የሚኖር ሰው የለም። በአንደኛው ዓመት ካሌንደር ላይ ነፍስ ያላት ነገር አንዲት ፍየል ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀለሟ ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ አምልጣው ነው። ትእዛዙ ፍየሏን ያየው ካሌንደሩ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ነበር፤ የሻሽወርቅ እንደነገረችኝ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

ምሳው ስምንት ዓመት ለፍቶ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፤ ጣሪያው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከሩቅ የሚታይ። ትእዛዙ ከተማውን ከኮረብታው ላይ ሲያነሳ የድንጋይ ግንብ ያላቸውን የድሮ ቤቶች አስቀረና የምሳውን ቤት አጸዳው። በቦታው ሣር አበቀለበት። ምሳው ካሌንደሩን ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሣሩን በጣቱ እየነካ «አሁን የተቀመጥህበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ጦርነቱ ሁለት ጊዜ አልፎበት ያልፈረሰ ቤት ነበር፤ ትእዛዙ አፈረሰው» ይላል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ዘንድም ስሙ ይነሳል። እዚያ የሚያገለግሉትን አባ ገብረ ኪዳንን በር ላይ ቆመው ሲነሱ ሰዓታቸውን እንዲያወልቁ፣ ስልካቸውን እንዲያስቀምጡ፣ ሹራባቸውን በጋቢ እንዲሸፍኑ ለመናቸው። አባም ታዘዙለት። ፎቶው ሲወጣ በሩ ብቻ ነበር። ለምን እንዳወጣቸው ሲጠይቁት በሩ ለብቻው ይበልጥ ጥንታዊ እንደሚመስል ነገራቸው። «ታዲያ ሰዓቴን ለምን አስወለቅኸኝ?» ብለው ጠይቀውታል ይባላል፤ መልሱን የሰማ የለም።

ካሌንደሩን አይተው ከሩቅ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። ካሌንደሩን በእጃቸው ይዘው በከተማው ውስጥ ሲዞሩ በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። ቦታው ላይ ቆመው ቦታውን አጡት። ትእዛዙ ጉድለቱ የብርሃን እንደሆነ አስረድቶ በሌላ ወር እንዲመጡ መከራቸው።

አንድ ጊዜ ነገሩ ሊስተካከል ነበር። በአንድ አዳራሽ ስለ ጉብኝት ስብሰባ ተደርጎ ትእዛዙ ሥራውን በትልቅ ሸራ ላይ እንዲያሳይ ተጋበዘ። በስህተት የተጸዳውን ትቶ ያልተጸዳውን ከፈተ። ምሰሶው፣ ጀሪካኑ፣ የተሰጣው አንሶላ፣ አረንጓዴው ጣሪያ፣ ሁሉም ወጣ። ከኋላ አንዱ ተነስቶ «ያቺ የኛ ቤት ናት» አለ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት ተጋፋ፤ ቤቱን ፈለገ፣ አህያውን ፈለገ፣ አንዷ ሴትዮ የጠፋ ብርድ ልብሷን በጎረቤቷ ገመድ ላይ አገኘችው። ጭብጨባው መስኮቴ ድረስ ተሰማ። ትእዛዙ በሕይወቱ እንደዚያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። እሱ ግን ተዋረድኩ ብሎ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፎቶ ባጸዳ ቁጥር ያልተጸዳውን ወዲያው ይሰርዘዋል። ቆሻሻ አላስቀምጥም ይላል። ለሳቅ የሚበቃ ታሪክ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ። አሁን የምጽፈው የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው መንገድ በኩል አንድ አፋፍ አለ፤ የአካባቢው ሰው መሸኛ ይለዋል። ከመንደሩ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው እስከዚያ ድረስ ይሸኛል፤ ሸኚ ከዚያ አያልፍም። ከአፋፉ ሥር እግር መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ከኮረብታ ጀርባ ይጠፋና ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይታያል። ሸኚዎቹ ቆመው ያያሉ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የሚሄደው ሰው ይዞርና በእጁ የያዘውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ዱላም ይሁን ሻሽ። ያን ካዩ በኋላ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሳይዞር የሄደ ሰው ተቀይሞ ሄዷል ማለት ነው።

ቦታው ለምን ያን ያህል አገር እንደሚያሳይ ከዚህ ይገባል። የመረጡት ሰዎች የሚሄድ ልጃቸው ቶሎ ከዓይናቸው እንዳይጠፋ ብለው ነው። ትእዛዙ ግን ቦታውን እኔ አገኘሁት ይላል፤ ስሙንም «ቪው ፖይንት» ብሎታል። ካቻምና መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ማለዳ እዚያ ሆኖ ያነሳው ፎቶ በአንድ ውድድር አንደኛ ወጥቶለታል። በሚቀጥለው ዓመት ካሌንደር የመስከረም ወር ገጽ ሆነ። ፎቶው ላይ አደይ አበባ አለ፣ ሸለቆው አለ፣ መንገዱ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ይታያል። ርእሱ «ሰው ያልነካው» ይላል።

ይህን ካሌንደር ከመቀመጫዬ በላይ ሰቅዬው ነበር። ጥቅምት ገብቶም ገጹን አልገለበጥኩትም፤ አበባው ያምር ነበር። አንድ የገበያ ቀን እማማ ሸጌ የሚባሉ ሴት የመሬት ደብተራቸውን ከሟች ባለቤታቸው ስም ወደ ራሳቸው ለማዞር ከጋዝጊብላ መጡ። ስልሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንኛ ስለሆነ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መርጠው ያስቀምጡታል። ፋይላቸውን ስፈልግ ዞሬ ሳይ ከወንበሬ ኋላ ቆመው ካሌንደሩን ይነካሉ። ጣታቸው በመንገዱ ላይ ይወርዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ነገር የተደበቀበት ይመስል ወረቀቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«እዚህ ላይ ልጄ ነበረች» አሉኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ባጭሩ እጽፈዋለሁ።

ልጃቸው ዮርዳኖስ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ልሂድ አለች። እናት እምቢ አሉ። ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ሰነበቱ። ልጅቱ ከሐሳቧ የማትመለስ እንደሆነች ሲያውቁ ሊሸኙ ወጡ እንጂ ምርቃቱን አልሰጡም። በመጨረሻው ሌሊት ዮርዳኖስ «ካልመረቅሽኝ ሦስተኛው ላይ አልዞርም» ብላቸው ነበር። መሸኛ ሲደርሱ ልጅቱ ትንሽ ከወረደች በኋላ የእናት ሆድ አልችል አለና ከላይ ሆነው መረቁ። ድምፃቸው ግን ታፍኖ ነበር፤ ትስማ አትስማ አላወቁም። የሚያውቁት ከዞረች ብቻ ነው። ከዞረች ሰምታለች፣ ይቅርም ብላለች።

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አዩዋት። ሁለተኛውም ላይ ቀይ ሻሿ ታየ። ያን ጊዜ ከኋላቸው ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ የለበሰ ሰው፣ ባለ ሦስት እግር ካሜራ ተክሎ፣ ጥላችሁ ገባብኝና ትንሽ ወደ ግራ በሉልኝ አላቸው። የመንግሥት ሰው መሰላቸውና እሺ አሉ። አብሯቸው ሊሸኝ የወጣውን ጎረቤታቸውን ኪዳኑን ደግሞ ቦርሳውን አስያዘው። እማማ ሸጌ ወደ ግራ ሲሉ ድንጋይ አደናቀፋቸው፤ ቀና ሲሉ ሦስተኛው መታጠፊያ ባዶ ነበር። ኪዳኑ ዞራለች፣ ሻሿንም አንስታለች ይላል። ነገር ግን ኪዳኑ ደግ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ቦርሳው አፈር እንዳይነካ ታዞ ዓይኑ ቦርሳው ላይ ነበር።

ዮርዳኖስ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው ኪዳኑ ነው፣ ለእናቷም ሳይደርስ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ፣ ምንም ወሬ የለም።

«ፎቶ የላትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አሳዩኝ። ወገበ ሰባራው ሕንፃ ፊት የተውሶ ጃኬት የለበሰች፣ ነጭ ዳቦ የመሰለች ልጅ ቆማለች። «ይቺን አላውቃትም» አሉ። «ይቺን ከማይ ይልቅ ያቺን ሩቋን ባየሁ።»

ወደ ፎቶ ቤቱ አብሬያቸው ተሻገርኩ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ትእዛዙ ያን ማለዳ በደንብ ያስታውሰዋል፤ ደመናው ከየት እንደመጣ፣ ብርሃኑ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛውን ሌንስ እንደተጠቀመ ነገራቸው። እማማ ሸጌ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁትና ወደ ግራ በሉልኝ ያልኸን እኛ ነን አሉት። ምስጋና የሰማ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። «አዎን እናቴ፣ ጥሩ ተባበራችሁኝ» አላቸው።

«ልጄ የነበረችበትን ስጠኝ» አሉት። «ሌላው ይቅር። ያቺ ቀይዋ ብቻ።»

ትእዛዙ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ኮምፒውተሩን አየ፣ የሻሽወርቅን አየ፣ በመጨረሻ ኪሶቹን ደባበሰ። ሁሉንም ፎቶ በትልቅ ሃርድ ዲስክ እንደሚያስቀምጥ፣ ፈልጎ እንደሚያገኘው፣ በሁለተኛው የገበያ ቀን እንዲመለሱ ነገራቸው። ሲወጡ መረቁት። የሻሽወርቅ ራሷን አቀርቅራ የአንድ ሰው ፊት ታቀላ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እውነት ፎቶው አለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ሳልጠይቀው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ምሳው ጠየቀልኝ። ከሱቁ ብቅ ብሎ «ቆሻሻ አላስቀምጥም ስትል አልነበር? የሰው ልጅ ከየት ልታመጣ ነው?» አለው። ትእዛዙ ነገሩ የሙያ ጉዳይ እንደሆነ መለሰለት።

በሁለተኛው የገበያ ቀን እማማ ሸጌ መጡ። ትእዛዙ መብራት ስለጠፋ አልፈለግኩም አላቸው። መብራት የጠፋው ለሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ ግን እሳቸው ይህን አያውቁም። የመጡበትን መንገድ ተመለሱ።

በሦስተኛው ምልልስ ፎቶው ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ትልቅ ነው፣ ጠርዙም ተለብጧል። ትእዛዙ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው፣ ወንበር ጠርጎ አስቀመጣቸው፣ እኔንም በመስኮቴ በኩል በእጁ ጠራኝ። ምስክር የፈለገ ይመስለኛል። ፎቶው ላይ ያው ሸለቆ አለ፣ ያው መንገድ አለ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። አጉሊ መነጽርም ከምሳው ተውሶ አዘጋጅቶ ነበር። ያ መነጽር ምሳው የብረት ቁጥር የሚያነብበት ነው።

እማማ ሸጌ መነጽሩን አቀርበውም አርቀውም ሞከሩት፤ አልለመዱትም። ለእኔ ሰጡኝ።

«አንተ እይልኝ። ዞራለች?»

አየሁ። ሴት ናት። ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ ክንዷ ወደ ላይ ተነስቷል። ዞራለች አልኩ። ትእዛዙ ተነፈሰ።

«ምን ይዛለች?»

ቀይ ነገር እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ድጋሚ አየሁ፤ ዣንጥላ ነበር። የተዘረጋ ቀይ ዣንጥላ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ የታዘለ ልጅ አለ፤ የልጁ ራስ በትከሻዋ በኩል ብቅ ብሏል። ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ፊቴ ግን ከአፌ ቀደመ መሰለኝ፣ መነጽሩን ከእጄ ወስደው እንደገና ራሳቸው አዩ። በዚህ ጊዜ ረጅም ሰዓት ነው ያዩት።

ትእዛዙ ማውራት ጀመረ። ዲስኩ ስለተጎዳ ፎቶውን ከሁለት ቦታ አገናኝቶ እንዳዳነው፣ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ጥቃቅን ልዩነት እንደሚኖር፣ ዋናው መዞሯ እንደሆነ አስረዳ። እስከዛሬ ሰው ሲያወጣ የኖረ እጅ ሰው ማስገባት እንዳልለመደ እኔም እንኳ ሳይነግሩኝ ይታየኛል። ሴትዮዋን ከየትኛው የገበያ ፎቶ ቆርጦ እንዳመጣት አላውቅም፤ ያ ፎቶም ተጸድቶ ከሆነ እሷ የቆመችበት ቦታ አሁን ሣር ሆኖ ይሆናል።

እማማ ሸጌ ፎቶውን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ መለሱለት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

«ይቺንም የምትፈልጋት እናት ትኖራለች» አሉት። «አታጥፋባት።»

የሻሽወርቅ ከወንበሯ ተነስታ ወጣች። እኔ እማማ ሸጌን እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። መንገዱ ላይ ፎቶው መጥፋቱን ከመጀመሪያውም እንደጠረጠሩ ነገሩኝ፤ ሃርድ ዲስክ ምን እንደሆነ ባያውቁም፣ ሰው ሲዋሽ ግን ያውቃሉ። የተመላለሱት ወረቀቱን ብለው ሳይሆን ያየው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ያን ማለዳ ወደዚያ መታጠፊያ ሲያይ የነበረ ዓይን የካሜራው ዓይን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው ትእዛዙ ሻይ ቤት ያለኝ ትዝ ያለኝ። አራት መቶ በመቶ። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ግማሽ ቀን። እሱ ሳያያት የጠፋች ነጥብ የለችም። ለእማማ ሸጌ ይህን ነገርኳቸው። መንገር ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም፣ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። መኪናው ሊነሳ ሲል ክንዴን ያዙኝና «እንግዲያ አይቷታል» አሉ። «አንተ ጎረቤቱ ነህ። ጠይቅልኝ። ካልዞረችም አልዞረችም በለኝ። እኔ ማወቁን ነው የምፈልገው።»

ለመጠየቅ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጠዋት ሲከፍት እነሳለሁ፣ በሩ ላይ ደንበኛ አያለሁ፣ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ደንበኛም ሳይኖር እቀመጣለሁ። የሻሽወርቅ በዚያ ሰሞን የዱባዩን ሸራ አውርዳ እንደገና ስትተኩስ አየኋት፤ ወገቡ አሁንም አልተቃናም። ትእዛዙ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ካሌንደር መዘጋጀት ጀምሯል ተባለ። ምሳው እንደ ወትሮው ሲነካካው አልሰማሁም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ተሻገርኩ። የሻሽወርቅ አልነበረችም። ትእዛዙ በኋለኛው ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ያ የተለበጠ ፎቶ ግድግዳው ሥር ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ነበር፤ አሳድጎት አሳድጎት ደረጃው ብቻ ቀርቷል። ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መሰረዣው ከጎናቸው ቆሟል፣ ገና አልነካቸውም። እጁ ማውሱ ላይ ነው፤ ማውሱ ግን አይንቀሳቀስም። ምን ያህል ጊዜ እንዲያ እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ከጎኑ ያለው ሻይ ቆዳ አበጅቷል።

ተቀመጥ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ስለ ብርዱ አወራን። ስለ መብራቱ አወራን። ሁለታችንም ስለ ምን እንደመጣሁ የምናውቅ ይመስለኛል፤ እሱ ስለ ደመና ሊጀምር ሲል እንዳልፈራ ብዬ ቶሎ ተናገርኩ።

«ትእዛዙ፣ ያቺ ቀይ ሻሽ ያላት ልጅ፣ ስታጠፋት ዞራ ነበር?»

ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ቆሎ የያዘበት ኪስ ውስጥ እጁን ከተተ፣ ባዶውን አወጣው።

«ሌላ ነገር ጠይቀኝ» አለ።